የሰርግ ዲስክና ካሴት ወደ ፋይል ሲለወጥ ምን ይበላሻል? ለቤትስ የትኛው ዴክ ይሻላል?

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከዳንግላ እስከ ሞጣ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያው ክምር አለ፤ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ዲስክ፣ ከሥሩም ጥቂት የቪዲዮ ካሴት። ዴኩ ሲሞት፣ ወይም አዲሱ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ሆኖ ሲገኝ፣ ሰው ሁሉ ወደ መለወጫ ሶፍትዌር ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው አቤቱታም ይመሳሰላል። ፊልሙ ሃያ ምናምን ደቂቃ ላይ ተቋረጠ። ሰርጉ አለ፣ መልሱ ግን የለም። እስክስታው ላይ ትከሻው በመስመር ተበጣጠሰ። ድምፁ ከአፍ ቀደመ። ፍላሽ ላይ የጫንኩትን ዴኩ አላውቀውም አለ።

ሁሉም ምክንያታቸው የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩም ዴኩም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታይ ሥራ መጀመሩ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን ከፍቶ ማየት

ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡና ከማጫወት በፊት ፎልደሮቹን ተመልከቱ። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር ካለ ዲቪዲ ነው። «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ካለ ቪሲዲ ነው። ኤምፒ4 ወይም ኤቪአይ ፋይል ብቻውን ከተቀመጠ ዳታ ዲስክ ነው፤ እሱ መለወጥ ሳያስፈልገው በኮፒ ብቻ ያልቃል። ዲስኩ እንደተቀዳ እየታወቀ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ካለ ደግሞ መጨረሻው ያልተዘጋ፣ ማለትም ፋይናላይዝ ያልተደረገ ዲስክ ነው። ይህ በተለይ በ8 ሴንቲሜትር ትንንሽ ዲስክ የሚቀዱ የቤት ካሜራዎች ላይ ይበዛል። ካሜራው በሕይወት ካለ በእሱው ሜኑ «ፋይናላይዝ» ማድረግ ይበቃል። ካሜራው ከሌለ አይዞበስተር የተባለው ሶፍትዌር ያልተዘጋ ዲስክ ማንበብ ይችላል። እንዲህ ያለውን ትንሽ ዲስክ ግን እየሳበ በሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ አትክተቱት፤ ውስጡ ይቀራል። ትሪ ያለው ማጫወቻ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ቪሲዲን በተመለከተ ተስፋችሁን ልክ አድርጉ። ምስሉ 352 በ288 ብቻ ነው፤ ምንም ዓይነት መለወጫ አያጠራውም። ትልቁ ችግር ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ ስህተት እያለ መቆሙ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በቪሲዲ ላይ ቪዲዮው የሚጻፍበት መንገድ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የስህተት ማረሚያውን የመጨረሻ እርከን ትቶታል። ዳታ ሲዲ የሚያልፈውን ጭረት ቪሲዲ አያልፈውም። መፍትሔው ፋይሉን በመዳፊት ጎትቶ መቅዳት ሳይሆን ዲስኩን ቪኤልሲ በተባለው ነጻ ማጫወቻ ከፍቶ «ኮንቨርት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ማስወጣት ነው፤ ቪኤልሲ የማይነበበውን ቦታ ዘልሎ ይቀጥላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ በሲዲና በቪሲዲ መረጃው ያለው ጽሑፍ ካለበት ወገን ልክ ሥር ነው። ከላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ቪሲዲ ከታች ከተጫረው ይልቅ የሞተ ነው። ዲቪዲ ግን መረጃው በሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖች መሃል ስላለ ከላይ ለሚመጣ ጉዳት የተሻለ ይጸናል።

ከመለወጥ በፊት ኮፒ

ዲቪዲ ሲሆን በቀጥታ ከዲስኩ ላይ መለወጥ አትጀምሩ። መለወጫው ዲስኩን ለረጅም ሰዓት ያሽከረክረዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲያቅተው ሥራው ሁሉ ከአፈር ይቀላቀላል። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ገልብጡት። ነጻ የሆነው ኢሜጅበርን «ክሬት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» በሚለው ምርጫው አይኤስኦ የሚባል ፋይል ያወጣል። ይህ ፋይል የዲስኩ ሙሉ ምስል ስለሆነ ሜኑውም፣ ክፍሎቹም፣ ድምፁም ሳይነካ ይቀመጣል። ወደፊት የተሻለ መለወጫ ቢመጣ ከዚሁ መጀመር ይቻላል።

ስለ ቦታ፦ ሽፋኑ ላይ 4.7 ጊጋ ተብሎ የተጻፈው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 4.38 ሆኖ ይታያል፤ የጎደለ ነገር የለም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 የሚባለው 7.95 ገደማ ያሳያል። ፋይሉን የምታስቀምጡበት ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል በፋት32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርጉት።

ማንበብ ካቃተው ዲስኩን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ውኃ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። እያዞራችሁ አትጥረጉ፤ በዙሪያው አቅጣጫ የሚፈጠር ጭረት ተከታታይ መረጃ ስለሚያጠፋ ማረሚያው አይደርስበትም፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄደውን ግን ይቋቋመዋል። የማንበቢያ ፍጥነቱን ወደ 4 ወይም 2 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። አንዱ ማጫወቻ የማያነበውን ሌላው ያነባል፤ የሌንሳቸው ጉልበት ስለሚለያይ ነው። ሙሽራና ሙሽሪት ያሉበት ተለጣፊ ወረቀት ያለው ዲስክ በተለይ ያስቸግራል። ወረቀቱ በክረምት እርጥበት ያብጥና አንድ ጎን ይላቀቃል፣ ዲስኩ ሚዛኑን ያጣል፣ በፍጥነት ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ወረቀቱን ለመላጥ አትሞክሩ፤ ሽፋኑን ይዞት ሊመጣ ይችላል። ፍጥነት መቀነሱ ይበልጣል።

ለኤክስተርናል የዲስክ ማጫወቻ ደግሞ ኃይል ያስፈልገዋል። ትር ትር እያለ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ ከማከፋፈያው ነቅላችሁ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ከሆነ ሁለቱንም ራሶች።

ሃንድብሬክ ላይ የሚታዩት ብልሽቶች

ከመለወጫ ሶፍትዌሮች ሃንድብሬክን የምመርጠው ነጻ ስለሆነ፣ ምስሉ መሃል ላይ ማስታወቂያ ስለማይለጥፍና ሠሪዎቹ የሚታወቁ ስለሆነ ነው። በየፍላሹ የሚዞሩት ቁልፋቸው የተሰበረ መለወጫዎች ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ፤ በነጻ የተሻለ እያለ እነሱን መጫን አያስፈልግም። ሃንድብሬክ ተጭኖ አልከፍትም ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት ዶት ኔት ዴስክቶፕ ራንታይም የተባለው ረዳት ሶፍትዌር አለመኖሩ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁለቱንም አውርዳችሁ አብራችሁ በፍላሽ ያዙ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። አዲሶቹ እትሞች ዊንዶውስ 10ና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰው ወደ 1.3.3 እትም መመለስ አለበት።

አሁን ወደ ሃያ ምናምን ደቂቃው። ዲቪዲ ላይ ያለው ፊልም አንድ ፋይል አይደለም። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ቪኦቢ ፋይል ከ1 ጊጋ አይበልጥም፤ ረጅሙ ሰርግ ወደ አራትና አምስት ቁራጭ ይከፈላል። 1 ጊጋ በተለመደው ጥራት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ሰው አንዱን ቪኦቢ ብቻ መርጦ ሲለውጥ የሚያገኘው ያንን ቁራጭ ነው። ለየብቻ ለውጦ መገጣጠምም መፍትሔ አይሆንም፤ መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ይንሸራተታል። ሃንድብሬክ ውስጥ ፋይል ሳይሆን ፎልደር ክፈቱ፣ እሱም «ቪዲዮ ቲኤስ» ይሁን፤ ወይም ያወጣችሁትን አይኤስኦ ስጡት። ያኔ ቁርጥራጮቹን ራሱ በቅደም ተከተል ያነባቸዋል።

የጠፋው መልስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቪዲዮ ቤቶች ጥሎሹን፣ ሰርጉን፣ መልሱን፣ ቅልቅሉን በሜኑ እንዲመረጥ ብለው ለየብቻ «ታይትል» አድርገው ያዘጋጃሉ። ሃንድብሬክ ሲከፍት ዋናው ነው ያለውን አንዱን ብቻ መርጦ ያሳያል። «ታይትል» የሚለውን ዝርዝር ጎትታችሁ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኪው (ወደ ተራ መጠበቂያው ዝርዝር) ጨምሩ። በጣም አጭር ታይትል ከዝርዝሩ ሊዘለል ስለሚችል፣ አጭር መግቢያ ካለ በፕሪፈረንስ ውስጥ የትንሹን ርዝመት ቁጥር ዝቅ አድርጉ።

«ኖ ቫሊድ ሶርስ» የሚል መልእክት ከመጣ ሁለት ነገር ነው። ወይ ዲስኩ አልተነበበም፣ ወይ ከሱቅ የተገዛ የተቆለፈ ፊልም ነው። ሃንድብሬክ ቁልፍ አይከፍትም። የቤተሰብ ሰርግ ላይ ቁልፍ ስለማይኖር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭረት ነው።

እስክስታው ላይ የሚታዩት መስመሮች ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ጥራት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በፓል፣ ማለትም በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የተቀረጸ የድሮ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል ይባል እንጂ በእውነቱ 50 ግማሽ ምስል ነው። መጀመሪያ ተጋማሽ ያልሆኑት መስመሮች፣ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ ተጋማሾቹ ይቀረጻሉ። በዚያች ቅጽበት መካከል ትከሻው ቦታ ቀይሯል። የድሮው ቴሌቪዥን ግማሾቹን በተራ ስለሚያሳይ አይታወቅም። ኮምፒውተር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ደርቦ ስለሚያሳያቸው ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። ቆሞ የሚመርቅ ሽማግሌ ላይ ምንም አይታይም፤ እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል የተቀረጸ ግልቢያ ወይም የሰርግ ጭፈራ ላይ ግን ያፈጣል።

ሃንድብሬክ ውስጥ «ፊልተርስ» ገብታችሁ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ያዲፍ ወይም ብዊዲፍ አድርጉት። ዝም ብሎ «ዲፎልት» ከተባለ ሁለቱን ግማሽ ወደ አንድ አዋህዶ 25 ምስል ይሰጣል፤ መስመሩ ይጠፋል፣ እንቅስቃሴው ግን ትንሽ ይነጥራል። «ቦብ» የሚለውን ከመረጣችሁ እያንዳንዱን ግማሽ ሙሉ ምስል አድርጎ በሰከንድ 50 ያወጣል፤ የትከሻው ፍጥነት እንዳለ ይቀራል። ለጭፈራ ቦብን እመክራለሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ፋስት 576ፒ25» የሚባለው ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅንብር) የምስሉን ብዛት 25 ላይ ስለሚገድበው ቦብ የሠራውን ግማሹን መልሶ ይጥለዋል። «ቪዲዮ» በሚለው ገጽ ፍሬምሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ወደ 50 ቀይሩና «ኮንስታንት» አድርጉት። ጥራቱን 18 እና 20 መካከል አስቀምጡት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ከ18 በታች መውረድ የካሴትን ጭጋግ በጥንቃቄ ከማስቀመጥ በቀር ጥቅም የለውም።

ፊት ተወጥሮ ወይም ቀጥኖ ከታየ የመጠን ጉዳይ ነው። የዲቪዲ 720 በ576 ነጥቦች አራት ማዕዘናቸው እኩል አይደለም፤ በ4 ለ3 ሲታይ ምስሉ በ768 በ576 ልክ መሆን አለበት። «ዳይሜንሽንስ» ውስጥ «አናሞርፊክ» የሚለውን «አውቶማቲክ» ላይ ተዉት። ቁጥሮቹን በእጅ መነካካት ነው የሚያበላሸው።

ድምፅ ካልገጠመ መጀመሪያ እንዴት እንዳልገጠመ ለዩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል ልክ ከዘገየ ቀላል ነው፤ ቪኤልሲ ላይ የጄ እና የኬ ቁልፎች በየ50 ሚሊሰከንድ ያስተካክሉታል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ ከካሴት ሲቀዳ ምስሎች ተጥለዋል፣ ወይም ፍሬምሬቱ ተለዋዋጭ ሆኗል፤ በ«ኮንስታንት» እንደገና መለወጥ ወይም ካሴቱን እንደገና መቅዳት ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ዘልሎ ከዚያ በኋላ ከተዛባ ያ ቦታ ላይ የማይነበብ ጭረት አለ፤ ወደ ኮፒው ሥራ ተመለሱ።

መብራት ሲሄድ

በእኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያጠፋው ይህ ነው፤ ሆኖም ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች አያነሱትም። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሲቀዳ ቆይቶ መብራት ቢሄድ፣ ሁለት ሰዓቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፎ እያለ ማውጫ ስለሌለው ማንም አይከፍተውም። «ሙቭ አተም ኖት ፋውንድ» የሚለው መልእክት ይህ ነው። ኤምኬቪ የተባለው የፋይል ዓይነት ግን እየተጻፈ ባለበት ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። ስለዚህ ከካሴት ስትቀዱ ሁልጊዜ በኤምኬቪ ቅዱ፤ ሲያልቅ ወደ ኤምፒ4 መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ኦቢኤስ በተባለው መቅጃ ሶፍትዌር ውስጥ «ፋይል» ስር «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» የሚል አለ፤ ምስሉን ሳይነካ መያዣውን ብቻ ይቀይራል። ቀድሞውኑ የተበላሸ ኤምፒ4 ላለው ሰው አንትራንክ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። የተበላሸው በተቀዳበት መቅጃና ቅንብር የተቀዳ ጤነኛ ፋይል አብራችሁ ስትሰጡት የጠፋውን ማውጫ ለመገንባት ይሞክራል።

ሃንድብሬክ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ኪው ውስጥ የነበሩትን ሥራዎች ግን ዳግም ሲከፈት ለመመለስ ይጠይቃል። የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ከሆነ ረጅሙን ሰርግ በ«ቻፕተር» ቁጥር ከፋፍላችሁ ኪው ላይ ደርድሩት፤ ሲቋረጥ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ላላቸው «ኪውኤስቪ» የሚለው ኢንኮደር በጣም ይፈጥናል፤ በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል እንጂ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ያዋጣል። ላፕቶፑ ስሊፕ እንዳይገባም ከልክሉት።

የቪዲዮ ካሴት

ከካሴት ጋር ሥራው ይረዝማል። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ስላቆመ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። ካሴቱን ከማጫወት በፊት መስኮቱን ተመልከቱ። በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው፤ የክረምቱ እርጥበት በተለይ ብርድ በሚበዛባቸው ደጋ ቦታዎች ያመጣዋል። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታውን ወደ ራሱ ወደ ዴኩ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ካሴት ያስተላልፋል። ለይታችሁ አስቀምጡትና ደረቅ አድርጋችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ጤነኛውን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፣ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ይላቀቃል።

ምስሉ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ከሞላው የዴኩ ራስ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል። ዴኩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በ90 በመቶ ወይም በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል የረጠበ ንጹሕ ወረቀት ወይም ቀጭን ቆዳ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ይዛችሁ ከበሮውን በእጅ አዙሩ። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች አታንቀሳቅሱ፤ የዴኩ ራስ ይሰበራል። በጥጥ የተጠቀለለ እንጨትም አይሆንም፣ ክሩ ይያዛል። ዳግም አረቄ ተክቶ አይሠራም፤ ውኃው ብዙ ነው።

ከዴኩ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው ትንሿ የዩኤስቢ መቅጃ ናት። ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ኦቢኤስ ውስጥ ካንቫሱን (የሚቀዳውን ምስል መጠን) 768 በ576፣ ፍሬምሬቱን «50 ፓል»፣ ድምፁን 48 ኪሎኸርዝ አድርጉ። የመቅጃውን መጠን 720 በ576 ምረጡና ካንቫሱን እንዲሞላ ወጥሩት። ምንጩ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ዲኢንተርሌሲንግ» ስር «ያዲፍ 2ኤክስ» ምረጡ። እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደኋላ እያለ ከተንቀጠቀጠ የግማሾቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ እዚያው ስር «ቶፕ» የነበረውን «ቦተም» አድርጉት። ቢትሬት (በሰከንድ የሚጻፈው የመረጃ መጠን) 8000 ሲሆን አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋ ያህል ይወስዳል። ፋት32 ላይ ከቀዳችሁ ከአንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚቆመው ለዚያ ነው። ከታች ጠርዝ ላይ የሚንቀጠቀጡ ጥቂት መስመሮች የቪኤችኤስ ባሕርይ ናቸው፤ ብልሽት አይደሉም፣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንከባለለ የተመረጠው ሥርዓት ተሳስቷል። የኢትዮጵያ ፓል ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ በተባለው የአሜሪካ ሥርዓት ስለሆነ 720 በ480ና 29.97 ይፈልጋል፤ ዴኩም ኤንቲኤስሲ የሚያነብ መሆን አለበት። ትንሹ ሚኒዲቪ ካሴት ካላችሁ ደግሞ በቢጫው ገመድ አታባክኑት። በፋየርዋየር ገመድ ሲወጣ ካሴቱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይገለበጣል፤ በሰዓት 13 ጊጋ ያህል ነው።

መልሶ ወደ ዲስክ

ቢቸና ያለች እናት ስልክ ላይ አታይም፤ ዲስክ ዴክ ውስጥ መክተት ግን ታውቃለች። ስለዚህ መልሶ ዲስክ ማድረግ አሁንም ይፈለጋል። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ኤምፒ4ቱን ዲስክ ላይ ጎትቶ በርን ማድረግ ነው። ተራ የዲቪዲ ዴክ የሚያውቀው ኤምፔግ 2ን በዲቪዲ ሥርዓት ነው፤ ሃንድብሬክ ደግሞ ያንን አይሠራም። ነጻው ዲቪዲስታይለር ፋይሉን ተቀብሎ ራሱ ይለውጣል፣ ሜኑም ይሠራል። ፓልና 4 ለ3 ምረጡ። በአንድ ባለ 4.7 ዲስክ ላይ ሁለት ሰዓት ከሆነ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ያህል ይደርሳችኋል፤ ሦስት ሰዓት ከሆነ ወደ 3.5 ስለሚወርድ ጭፈራው ይደበዝዛል። ረጅም ሰርግን ለሁለት ዲስክ ክፈሉት።

የፋይልና የፎልደር ስም በላቲን ፊደል፣ አጭር፣ ክፍተት የሌለው ይሁን፤ የድሮ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን ሲያዩ ፋይሉን አላገኘሁትም ይላሉ። ሜኑው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ እንደ ሥዕል ሠርታችሁ ዳራ አድርጉት። ዲስኩን በ4 ወይም በ8 ፍጥነት ጻፉ፣ «ቬሪፋይ» (የተጻፈውን ማረጋገጥ) ይደረግ። ለድሮ ዴኮች ዲቪዲ-አር ከዲቪዲ+አር የተሻለ ይነበባል። ተለጣፊ ወረቀት ቀርቶ ለዲስክ በተሠራ ማርከር መሃሉ አጠገብ ጻፉ።

ዴክ ስትመርጡ

ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ብታስነሡትም ሁለት ችግር ይቀራል። የአሜሪካ ዴኮች ብዙዎቹ የፓል ዲስክ አያሳዩም፤ ቪዲዮ ቤት የሠራው ሰርጋችሁ ደግሞ ፓል ነው። በሪጅን (ፊልም ለየትኛው ክልል እንደተሸጠ በሚያሳየው ቁጥር) ረገድም አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ናት፤ ይህ ግን የተገዛ ፊልም ላይ እንጂ የቤት ዲስክ ላይ ችግር የለውም። ለፓል አገር የተሠራ ዴክ በአብዛኛው ሁለቱንም ሥርዓት ያሳያል፤ እዚሁ የሚሸጠው ቀላል ዴክ ከውጭ ከሚላከው ውድ ዴክ የሚሻልበት ምክንያት ይህ ነው። በተገላቢጦሽም፣ ወደ አሜሪካ ለዘመድ ሰርግ ስትልኩ ዲስክ ሳይሆን ኤምፒ4 ላኩ።

ቀጥሎ የቤቱን ቴሌቪዥን አስቡ። ከኋላው ወፍራም ለሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ ያለው ዴክ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አዳዲስ ብሉሬይ ዴኮች ቢጫውን ትተው ኤችዲኤምአይ ብቻ ይዘዋል። መቀየሪያ ቢገዛም አቅጣጫው ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚል መሆኑን እዩ፤ ተቃራኒው በመልክ አንድ ነው፣ አይሠራም። ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ኤችዲኤምአይ ያለው ይሁን።

የዩኤስቢ ቀዳዳ መኖሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ርካሽ ዴክ ከፍላሽ የሚያነበው በድሮዎቹ የቪዲዮ ማመቂያዎች በኤክስቪድ ወይም ዲቪኤክስ የተሠራ ኤቪአይ ነው፤ ኤች264 በተባለው በዛሬው ማመቂያ የተሠራ ኤምፒ4 ላይ «አይደገፍም» ይላል። ፍላሹም ፋት32 ይሁን። ዊንዶውስ ራሱ ለብዙ ዘመን ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ፍላሽ በፋት32 ፎርማት አላደርግም ይል ስለነበር ለዚህ ሥራ 16 ወይም 32 ጊጋ ያለውን ለዩ። ቤቱ ውስጥ ኤችዲ የዲሽ ሪሲቨር ካለ ግን ለፋይል አዲስ ዴክ አትግዙ፤ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ቀዳዳቸው ኤች264ን ያጫውታል። ዴኩን ለዲስኩ ብቻ ምረጡት። ብሉሬይ ዴክም የሚያዋጣው ብሉሬይ ፊልም ላለው ሰው ነው፤ ለሰርግ ዲቪዲ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በሶላር ለሚጠቀም ቤት ስክሪንና ባትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ ዴክ ከሁሉም ይቀላል፤ ከመግዛት በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከሶላሩ መውጫ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።

ሱቅ ስትሄዱ ከቤት የምታስቸግረውን ያቺን የተጫረች ዲስክ ያዙ። የሱቁ አዲስ ዲስክ ሁሉም ዴክ ላይ ይሠራል፤ የሌንሱን ጉልበት የሚያሳየው አሮጌው ነው። እስከ መጨረሻው ክፍል አሻግራችሁ አጫውቱት፤ ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሆነ ደካማ ሌንስ የሚንገዳገደው መጨረሻው ላይ ነው። ሪሞቱ መኖሩንና መሥራቱንም እዩ፤ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚቀየረው፣ የስክሪኑ 4 ለ3 ወይም 16 ለ9 የሚመረጠው በእሱ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ልጆች «ፒ ስካን» የሚለውን ነክተው በቢጫው ገመድ ያለው ምስል ድንገት ቢጠፋ ዴኩ አልተበላሸም፤ ዲስኩን አውጥታችሁ ያንኑ ቁልፍ አንድ ሁለቴ ስትጫኑት ምስሉ ይመለሳል።